ቫይረሱ አይታይም፤ ጉበቱስ? እንቅልፉስ?

የኤችአይቪ ክትትል ቀጠሮ ቀን ነው። ውጤቱ ወጥቷል። «ቫይረሱ አይታይም፤ በጣም ጥሩ ነው፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ» ይባላል፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ተረኛው ይጠራል። ሰውየው በሩ ጋ ሲደርስ ሊናገረው የነበረው ነገር ትዝ ይለዋል። ሌሊት አይተኛም። ጠዋት ሲነሳ ድንጋይ ሲሸከም ያደረ ይመስለዋል። ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ ያንጎላጃል። ግን ምን ብሎ ይጀምር? «ውጤትዎ እንዲህ አምሮ ስለ እንቅልፍ ያማርራሉ?» እንዳይባል ፈራ። ዝም ብሎ ወጣ።

እዚህ ማውራት የፈለግሁት እዚያ በር ላይ ስለሚቀረው ነገር ነው። ድካም ሲመጣ ወይ በቫይረሱ ይሳበባል፣ ወይ በመድኃኒቱ፣ ወይ በዕድሜ። ብዙ ጊዜ የማይጠየቁ ሁለት ተጠርጣሪዎች ግን አሉ። አንዱ ስብ የሞላው ጉበት ነው፣ ሌላው የተበላሸ እንቅልፍ። ሁለቱ ደግሞ ተለያይተው የሚኖሩ አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ይመግበዋል።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን አሁን እንደመጣ እንይ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንደ ዩኤንኤድስ ግምት በ2024 በዓለም ላይ 40.8 ሚሊዮን ሰዎች ከኤችአይቪ ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህ 31.6 ሚሊዮኑ መድኃኒት ላይ ነበሩ። ጥምር መድኃኒቱ ከመጣበት ከ1996 በፊት አንድ ሰው ቫይረሱ በደሙ ተገኘ ሲባል ስለ ኮሌስትሮል የሚያስብ አልነበረም። ዛሬ መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው ያረጃል። ማርጀት ደግሞ ከነጓዙ ነው የሚመጣው፦ ስኳር፣ ግፊት፣ የወገብ ስፋት፣ ጉበት፣ ልብ።

የዓለም ግብ 95-95-95 ይባላል። ከቫይረሱ ጋር ከሚኖሩት 95 በመቶው ይወቁ፣ ካወቁት 95 በመቶው መድኃኒት ይጀምሩ፣ ከጀመሩት 95 በመቶው ቫይረሱ ይታፈንላቸው ነው ነገሩ። ቁጥሮቹ ገና 90 በነበሩበት በ2016 አንዳንድ ተመራማሪዎች «አራተኛው 90 የታለ?» ብለው ጠየቁ። ቫይረሱ ከታፈነላቸው ሰዎች ውስጥ 90 በመቶው ጥሩ ኑሮ ይኑሩ ማለታቸው ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግቡ ግን ዛሬም የሚጠራው በሦስት ቁጥሮች ነው፤ በር ላይ የቆመው ሰውዬ ድካም ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ጉበት። አማርኛችን ለጉበት ብዙም አልተጨነቀም፤ ሀዘኑም ፍቅሩም አንጀትና ሆድ ላይ ነው የሚያድረው። ጉበትም ያው እንደ ስሟ አለመነሳት ዝም ብላ ትሠራለች፣ ስትታመምም አትናገርም። ከጉበት ሴሎች ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስብ ሲቋጥሩ ጉበቱ የስብ ጉበት ይባላል። ብዙዎች «ፋቲ ሊቨር» የሚሉት እሱን ነው። ስብ መኖሩ ብቻውን ወዲያው አይገድልም። አሳሳቢው ስቡ ሲያስቆጣ፣ ቁጣው ሲደጋገም፣ የተቆጣው ቦታ ሲጠባሰስ ነው። ጠባሳው እየበዛ ሲሄድ ሲሮሲስ ይሆናል፣ የጉበት ካንሰርም ሊከተል ይችላል። አንድ ሰው ወደፊት ምን እንደሚገጥመው ከስቡ መጠን ይልቅ የጠባሳው መጠን ነው የሚናገረው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በሽታው በ2023 ስሙ ተቀይሯል። ድሮ «ከአልኮል ጋር ያልተያያዘ የጉበት ስብ» ነበር የሚባለው። ያልሆነውን እየጠሩ በሽታን መሰየም ግራ ነው። አዲሱ ስም ከሰውነት የምግብ አጠቃቀም መዛባት ጋር ያያይዘዋል። ስያሜውን ለማግኘት ጉበት ላይ ከታየው ስብ ሌላ ከአምስት ነገሮች አንዱ ይበቃል፦ የክብደት ወይም የወገብ መብዛት፣ የስኳር ከፍ ማለት፣ ግፊት፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ መብዛት፣ ወይም ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል ማነስ። ሌላ የጉበት ስብ ምክንያት መኖር አለመኖሩም አብሮ ይታያል። ጉዳዩ ስም ብቻ አይደለም። «አልኮል አልጠጣም፣ ጉበቴ ምን ይሆናል?» ይል የነበረ ሰው አሁን ራሱን ዝርዝሩ ውስጥ ሊያገኝ ይችላል።

ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ላይ ነገሩ ለምን ይበዛል? አንዱ ምክንያት አንጀት ነው። ቫይረሱ ገና ሲገባ የአንጀትን መከላከያ ሴሎች ክፉኛ ይመታል፤ የአንጀት ግድግዳ ይሳሳል። መድኃኒት ተጀምሮ ቫይረሱ ከታፈነ በኋላም ያ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ላይጠገን ይችላል። ስለዚህ የባክቴሪያ ቁርጥራጮች እየሾለኩ ወደ ደም ይገባሉ። ከአንጀት የሚነሳው ደም መጀመሪያ የሚያርፈው ደግሞ ጉበት ላይ ነው፤ ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ሦስት አራተኛው ገደማ በዚያው መንገድ የሚመጣ ነው። በሌላ አነጋገር ጉበት በራፍ ላይ እንደቆመ ዘበኛ ሁሉንም ይቀበላል፣ በየቀኑ በትንሹ ይቆጣል። ውጤቱ ላይ «አይታይም» ተብሎ እየተጻፈ እንኳን።

ሁለተኛው የመድኃኒት ታሪክ ነው። በድሮው ዘመን የተሰጡት ስታቩዲንና ዲዳኖሲን የመሳሰሉት መድኃኒቶች የሴሎችን የኃይል ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያን፣ ይጎዱ ነበር፤ ጉበት ላይ ስብ ያከማቹ ነበር፤ ፊት አክስተው ሆድ ያሳብጡ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ስታቩዲን ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ። ግን በዚያ ዘመን መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፣ የዚያን ጊዜ ጉዳትም አብሯቸው ሊኖር ይችላል። የአሁኖቹ በጣም የተሻሉ ናቸው፤ ይህን ሳላሰምርበት አላልፍም። ነገር ግን እንደ ዶሉቴግራቪር ያሉትን ሲጀምሩ ክብደት የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። በደቡብ አፍሪካ የተካሄደውና በ2019 ውጤቱ የወጣው አድቫንስ የተባለ ጥናት ዶሉቴግራቪር ቲኤኤፍ ከሚባለው የቴኖፎቪር ዓይነት ጋር ሲሰጥ ጭማሪው እንደሚበዛ፣ በተለይ ሴቶች ላይ፣ አሳይቷል። ከጭማሪው የተወሰነው ከበሽታ ማገገም ነው። የተወሰነው ግን ወገብ ላይ የሚቀመጥ ነው።

ቀጭን የሆናችሁ ደግሞ ገና አትተንፍሱ። ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሳይወፍሩ የጉበት ስብ መያዝ የተለመደ ነው። ስቡ ከቆዳ ሥር ሸሽቶ ሆድ ዕቃ ውስጥና ጉበት ላይ ሲከማች ሚዛኑ ምንም አይናገርም።

እና እንዴት ይታወቃል? ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ድካም፣ በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ከበድ የሚል ስሜት፣ ያም ካለ ነው። የጉበት ኢንዛይሞች በደም ምርመራ «ኖርማል» ወጥተው ጉበቱ ግን በስብ የተሞላ ሊሆን ይችላል። አልትራሳውንድ ስቡ መሃል ደረጃ ላይ ሲደርስ ያየዋል፣ ትንሹን ያልፈዋል። ፋይብሮስካን የሚባለው መሣሪያ የተሻለ ነው፤ ጉበቱ ምን ያህል እንደጠጠረና ምን ያህል ስብ እንዳለው በደቂቃዎች ውስጥ ያለ መርፌ ይለካል። ግን በየቦታው አይገኝም።

እዚህ ላይ የምወደው ነገር አለ። ፊብ-ፎር የሚባል ስሌት ነው። አራት ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ ዕድሜ፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉት ሁለት የጉበት ኢንዛይሞች (አንዳንድ ወረቀት ላይ ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ ተብለው ይጻፋሉ) እና ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚረዱት ሕዋሳት ቁጥር። አራቱም ብዙ ጊዜ በክትትል ፋይሉ ውስጥ ተኝተዋል። ዕድሜን በኤኤስቲ ታባዛላችሁ፤ ከዚያ ፕሌትሌትን፣ በሺህ የተቆጠረውን፣ በኤኤልቲ ስኩዌር ሩት አባዝታችሁ ለዚያ ታካፍላላችሁ። ለምሳሌ ዕድሜ 50፣ ኤኤስቲ 40፣ ኤኤልቲ 36፣ ፕሌትሌት 200 ሺህ ቢሆን 2000 ለ1200 ሲካፈል 1.67 ይመጣል። ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ በቶሎ ይታይ። የኛ ምሳሌ መሃል ላይ ወደቀ፤ ይህ ሰው ፋይብሮስካን ቢታይ ጥሩ ነው። ልብ በሉ፣ ኢንዛይሞቹን ለብቻቸው ያየ ሰው ምንም የለም ብሎ ሊያልፋቸው ይችል ነበር። ከ35 ዓመት በታች ላሉ ስሌቱ እምብዛም አይታመንም፤ ከ65 በላይ ላሉ ደግሞ የታችኛው መስመር 2.0 ነው። ስብን አይለካም፣ ጠባሳን ነው የሚገምተው። ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው።

የሚገርመው ይህ ስሌት በ2006 መጀመሪያ የተሠራው ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲ አብረው ላሉባቸው ሰዎች ነው። አሁን የጉበት ሐኪሞች ለሁሉም ሰው ይጠቀሙበታል። ከኤችአይቪ ክትትል ወጥቶ ዓለምን ዞረ፤ አንዳንድ የኤችአይቪ ክፍል ግን ዛሬም አያሰላውም።

እንቅልፍ ጋ ደርሰናል። ሰው ጥቂት ሌሊቶች ብቻ እንቅልፉን ሲቀንስ ሰውነቱ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፤ ይህ በጤነኛ ወጣቶች ላይ ሳይቀር በሙከራ የታየ ነው። ኢንሱሊን ሲደክም በሰውነት የተከማቸው ስብ ይፈታና በደም ተጉዞ ወደ ጉበት ይሄዳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ይርበዋል፣ ጣፋጭና ቅባት ያምረዋል፣ ለመንቀሳቀስ ይሰንፋል። ጉበት የራሷ ሰዓት አላት፤ ሰዓቷን የሚሞላላት በአብዛኛው የምግብ ሰዓት ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የሚበላ ሰው አንጎሉን ተኛ፣ ጉበቱን ንቂ እያለ ነው።

ከዚህ የባሰው ማንኮራፋት የምንለው ነገር ነው። ሁሉም ማንኮራፋት በሽታ አይደለም። ነገር ግን ጉሮሮ በእንቅልፍ ውስጥ እየተዘጋ ትንፋሽ ለሰከንዶች ሲቋረጥ፣ ሰውየው ሳያውቀው ሌሊቱን ሙሉ ሲባንን፣ ኦክስጅን ከፍ ዝቅ ሲል፣ ጉበት ይህን ሁሉ ትቀምሳለች። የኦክስጅኑ መዋዠቅ በራሱ ስብና ቁጣን እንደሚያባብስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ክብደት ከግምት ገብቶ እንኳን። ይህ ሰው «ስምንት ሰዓት ተኝቻለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ስምንት ሰዓት አልጋ ላይ ነበር።

በተቃራኒው መንገድም ይሄዳል። ጉበት ሲሮሲስ ደረጃ ላይ ሲደርስ ቀንና ሌሊት ሊገለባበጥ ይችላል፦ ሰውየው ቀን ያንቀላፋል፣ ሌሊት ያፈጣል። የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነውን ሜላቶኒንን ከደም የምታጸዳው ጉበት ናት፣ አሞኒያንም እንደዚያው። የተጎዳች ጉበት ሁለቱንም በጊዜ አታጸዳም። ጉዳቱ እዚያ ሳይደርስም የስብ ጉበት ያለባቸው ሰዎች ስለ ድካምና ስለ ተበላሸ እንቅልፍ ያማርራሉ። የትኛው ቀደመ የሚለው እንቁላሉና ዶሮዋ ነው። ለታማሚው ግን ብዙም ለውጥ የለውም፤ ቀለበት ከሆነ ከየትኛውም ጎን ይበጠሳል።

መድኃኒቱስ እንቅልፍ ያበላሻል ወይ? አንዳንዱ፣ አዎ። ኤፋቪሬንዝ በዚህ ይታወቃል። የወሰዱት ሰዎች ስለ ሕልማቸው ሲያወሩ መስማት ነው፤ ሕልም ሳይሆን ፊልም ነው የሚመስለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዶሉቴግራቪርን የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎ ሲያጸና ብዙ ሰው እፎይ ያለው ለዚህም ጭምር ነው። ዶሉቴግራቪርም ቢሆን ጥቂት ሰዎችን እንቅልፍ ይነሳል። ማታ የሚወስዱ ከሆነ ወደ ጠዋት ማዛወር ብቻውን የሚረዳቸው አሉ፤ ሐኪሙን ጠይቆ የሚደረግ ቀላል ነገር ነው። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አይሆንም፤ ቫይረሱ ይመለሳል፣ መድኃኒቱን ሊለምደውም ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ አብሮ ካለ ደግሞ ቴኖፎቪርን ማቆም ጉበቱን ክፉኛ ሊያስቆጣ ይችላል።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ሰው መድኃኒቱን ማታ የሚወስደው ስለሚስማማው አይደለም፤ ሰው ስለሚተኛለት ነው። ጠርሙሱን ደብቆ፣ መብራት አጥፍቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይውጣታል። እንዲህ እየኖረ እንቅልፉ ሰላማዊ ይሁን ብንል የዋህነት ነው። ድብርትና ጭንቀት፣ መገለልን መፍራት፣ «ማን አወቀብኝ» የሚለው ሐሳብ፣ እነዚህ ሁሉ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚሰበሰቡት። የኑሮ ጥራትን ለመለካት የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የኤችአይቪ መጠይቅ አጭሩ ቅጂ 31 ጥያቄ አለው፤ እንቅልፍም ድካምም ይቅር መባባልም የወደፊት ፍርሃትም በዚያ ውስጥ ይገናኛሉ። ጉበት እንኳን በስሟ አልተጠራችም፤ በድካሙ በኩል ግን ትገባለች።

ብዙ ሰው ለእንቅልፍ የሚያገኘው የመጀመሪያ መፍትሔ መጠጥ ነው። ያስተኛል፣ አዎ። የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይቆራርጠዋል፣ የጉሮሮ ጡንቻን አላልቶ ትንፋሽ መቋረጡን ያባብሳል፣ ጉበት ላይ የራሱን ስብ ይጨምራል። በአንድ ብርጭቆ ሦስቱም። የእንቅልፍ ክኒንም ሰው ነግሮን የሚገዛ አይደለም፤ ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ካለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር አንዳንዶቹ በደም ውስጥ ከመጠን በላይ ይከማቻሉ። «ጉበት ያጸዳል» ተብለው የሚሸጡ ቅጠላ ቅጠሎችን በተመለከተ ደግሞ ራሳቸው ጉበት የጎዱ አሉባቸው። ከዚህ በላይ አልልም።

ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ማጣት ሐኪሞች በመጀመሪያ የሚመክሩት ክኒን አይደለም፣ የባሕርይ ሕክምና ነው። የመነሻ ሰዓትን ቅዳሜና እሁድ ሳይቀር አንድ ማድረግ፣ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አለመገላበጥ፣ አልጋን ለስልክ ሳይሆን ለመኝታ መተው። ሰው ሲሰማው «ይቺ ናት?» ይላል። ይቺ ናት፤ ግን ሳምንታት ትፈልጋለች፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናትም ይከብዳሉ።

ለጉበቱም ትልቁ መድኃኒት አሰልቺው ነው። የክብደትን 5 በመቶ መቀነስ ስቡን ያሳንሳል፣ 7 በመቶ አካባቢ ቁጣውን ያበርዳል፣ 10 በመቶ ሲደርስ ጠባሳው ጭምር ሊሻሻል ይችላል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው ደረጃ 4 ኪሎ ብቻ ነው። እንቅስቃሴ ደግሞ ሚዛኑ ባይወርድም ከጉበት ላይ ስብ ይቀንሳል፤ ለቀጭኖቹ ይህ ጥሩ ዜና ነው። ሲንቀሳቀሱ የዋሉ ሰዎች እንቅልፋቸውም ይሻላል።

አዳዲስ መድኃኒቶችም መጥተዋል። ኤችአይቪ ላለባቸው ለሆድ ውስጥ ስብ የተፈቀደው ቴሳሞሬሊን በ2019 በወጣ ጥናት የጉበትንም ስብ ቀንሷል። ሳምንታዊው መርፌ ሴማግሉታይድ በ2024 በተዘገበ አነስተኛ ጥናት ኤችአይቪ ያለባቸውን ሰዎች የጉበት ስብ በ24 ሳምንት ከነበረበት በ31 በመቶ ዝቅ አድርጓል፤ ንጽጽር ቡድን አልነበረውም፣ የጡንቻ መጠንም አብሮ ቀንሷል፣ ስለዚህ በዕድሜ ለገፉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2024 ሬስሜቲሮምን፣ በ2025 ደግሞ ሴማግሉታይድን ቁጣና ጠባሳ ላለው የስብ ጉበት ፈቅዷል፤ ሁለቱም ሲሮሲስ ላይ ለደረሰ አይደሉም። ዋጋቸው ግን የብዙ ሰው አቅም አይደለም።

ርካሹና የሚረሳው ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል ማውረጃ ነው። ሪፕሪቭ የተባለው በ12 አገሮች 7769 ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2023 እንዳሳየው ፒታቫስታቲን የተባለው ስታቲን ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋን በ35 በመቶ ቀንሷል። «ጉበት አለብኝና ስታቲን አልወስድም» የሚሉ አሉ። የስብ ጉበት ስታቲን አይከለክልም፤ እንዲያውም የስብ ጉበት ያለበትን ሰው ብዙ ጊዜ የሚገድለው ጉበቱ ሳይሆን ልቡ ነው። የትኛው ስታቲን ከየትኛው የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ይሄዳል የሚለውን ግን ሐኪም ይወስን።

ቡና ላይ ግን እኔም ተቸግሬአለሁ። ቡና የሚጠጡ ሰዎች የጉበት ጠባሳቸው አነስ ብሎ በተደጋጋሚ ታይቷል። እንቅልፍን የሚሰርቀውም እሱ ነው፤ ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ አምስት ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም ሰውነት ውስጥ ነው። ጠዋት ለጉበት ሲባል መጠጣት፣ ከሰዓት በኋላ ለእንቅልፍ ሲባል መተው። ያገኘሁት ስምምነት ይህ ነው።

ወደ በሩ እንመለስ። የሐኪሙ ጊዜ አጭር ነው፣ «እንቅልፍ የለኝም» የሚል ወሬም ቶሎ ይታለፋል። ቁጥር ግን አይታለፍም። ለሁለት ሳምንት የተኛችሁበትን፣ የነቃችሁበትን፣ ቀን ያንቀላፋችሁበትን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ፤ መድኃኒታችሁን በስንት ሰዓት እንደምትወስዱም። ፊብ-ፎር ተሰልቶልኝ ያውቃል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ከዚያ ሐኪሙ መጠየቁ አይቀርም፦ «ያንኮራፋሉ? ትንፋሽዎ ይቋረጣል?» ይህን ራሳችሁ አታውቁትም፣ አጠገባችሁ የሚተኛ ሰው ነው የሚያውቀው። ብቻችሁን የምትተኙ ከሆነ ስልካችሁን ድምፅ መቅጃው ላይ አድርጋችሁ ትራስ ጎን አስቀምጡና ጠዋት አዳምጡት።